ሣር የሚደርቅበት ጓዳ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ በ1977 ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት፣ በደባርቅ ከተማ፣ በወይዘሮ ያለምወርቅ ጓዳ ውስጥ ሣር እየደረቀ ነበር።

ሣሩ የዩኒቨርሲቲ ሣር ነው። የወይዘሮዋ ልጅ ሸጊቱ አዲስ አበባ ትማራለች፤ የደረቁ ዕፅዋት ወረቀት ላይ ተለጥፈው በሚቀመጡበት ክፍልም ተማሪ ረዳት ናት። መምህሯ ከሰሜን ተራሮች፣ ከቡይት ራስ በላይ የለቀሙትን ሁሉ አብራቸው ለመጣችው ለእሷ ትተው ተጨማሪ ሊለቅሙ ወደ በየዳ ወጥተዋል። ሥራዋ ቅጠሉን በጋዜጣ መሐል መዘርጋት፣ በሁለት ሳንቃ ጠፍንጎ ማሰር፣ ጠዋት ጠዋት የረጠበውን ጋዜጣ በደረቅ መለወጥ ነው። ጓዳውን የመረጠችው ራሷ ናት። «በሩ ከተከፈተ ብርድ ገብቶ ይሻግታል» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አስታወቀች።

ጎረቤቱም አመነ። ቢያንስ ያመነ መሰለ። ከጓዳው በላይ፣ ቆጡ ላይ፣ ወንድሟ ክንዴ ነበረ። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ከተጠራ ወዲህ «ጎንደር አክስቱ ዘንድ ሄዷል»። ከተገኘ በመኪና ይጫናል፤ ከሠፈሩ የተጫኑት ደግሞ አንዳቸውም ገና አልተመለሱም። ጎረቤታቸው ድንቅነሽ «ትምህርት ያስርባል» እያለች ለሁለት ሴቶች የሦስት ሰው ራት ትልካለች።

አንድ ጠዋት የቀበሌው ሊቀ መንበር ደምለው ከተፍ አሉ። የሸጊቱ ሟች አባት ወዳጅ ናቸው።

«እስቲ ይህን የመንግሥት ሣር ልየው።»

«ይግቡ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ጋሼ በይኝ እንጂ! አዝዬ ያሳደግሁሽ ልጅ!»

«እሺ ጋሼ፤ በሩን ቶሎ ይዝጉት።»

ዘጉት። ሳንቃው ላይ ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጦስኝ።»

«ሻይ ውስጥ የምንጨምረው? ለዚህ ነው አዲስ አበባ ድረስ የሄድሽው?»

እናትየዋ ሳቀች፤ ሳቋ ትንሽ ረዘመ።

«አንድ ሰው ጎድሎብኛል» አሉ ደምለው፣ አሁንም ጦስኙን እያዩ። «በየቤቱ ፈልግ ተብያለሁ። ይኸው እየፈለግሁ ነው። ክንዴስ ጎንደር ተስማማው?»

«ደኅና ነው። ወፍሯል አሉ» አለች እናትየዋ።

«ጎንደር ደግ አገር ነው።»

ከገቡ ጀምሮ አንዴም ቀና አላሉም። ሸጊቱ ይህን ልብ አለችና የረጠበውን ጋዜጣ መለወጥ ጀመረች።

ከዚያ ሊያግዟት ፈለጉ። የተለወጠውን ጋዜጣ ብድግ አድርገው እንደ ስልቻ አራገፉት። የጦስኙ ብናኝ ተነሣና ቀስ እያለ ወደ ቆጡ ወጣ። ሸጊቱ ዓይኗን ጨፈነች።

ከላይ አንድ ማስነጠስ መጣ፤ ወፍራም፣ የጎረምሳ።

«ይማርህ!» አሉ ደምለው፣ ከእናትየዋ ቀድመው።

 ሁሉም ጦስኙን አየ። ከዚያ ክንዴ፣ እናቱ በሥርዓት ያሳደገችው ክንዴ፣ ቆጡ ላይ ሆኖ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰ፦

«ያኑርዎ፣ ጋሼ።»