ጋቢና አልቀመጥም

የተራራ ነጂዎች ማኅበር ሰብሳቢ አበባ ይዘው ነው የመጡት። ሰው አበባ ይዞ ሲመጣ ወይ ሊያገባ ነው፣ ወይ እምቢ ሊል ነው፤ ሰብሳቢው ደግሞ ባለትዳር ናቸው።

ጭልፊት ይህን ያሰበችው ተሽከርካሪ ወንበሯን ወደ ሳሎኑ እየገፋች ሳለ ነበር። ጭልፊት ያላት ማኅበሩ ነው። ባለ ሁለት ወንበሯን፣ መሬት የምትልስ ቀይ የስፖርት መኪናዋን ይዛ ተራራ ስትወጣ፣ ኩርባ ላይ የምትታጠፍበትን አኳኋን ያዩ ሰዎች ስሙን አወጡላት፤ ተጣብቆባት ቀረ። እንጀራዋ ጥርስ ነው። የጥርስ ላቦራቶሪ ውስጥ አጎንብሳ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሞርድ ትውላለች። ከሥራ ውጭ ባለው ጊዜዋ ደግሞ ካርታ ዘርግታ፣ የትኛው መንገድ እንደሚያምር፣ የቱ ጋ ገደል እንዳለ፣ የት ቢቆሙ ሐይቁ እንደሚታይ ስታጠና ኖራለች። ማኅበሩ በየዓመቱ የሚወጣበትን የተራራ መንገድ መርጣ ያወጣችውም እሷው ነች።

“እንዴት ነሽ የኔ ልጅ?” አሉ ሰብሳቢው። አበባውን የት እንደሚያኖሩት ጠፋቸውና በመጨረሻ ጭኗ ላይ አስቀመጡት፤ ጠረጴዛ የሆነች ይመስል።

“ደህና ነኝ ጋሼ። ጉዞው መቼ ሆነ?”

“የፊታችን እሁድ። እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ኮሚቴው ስለ አንቺ፣ ‘እንዴት አድርገን እናክብራት?’ እያለ ሲመካከር ነበር። ከእኔ ጋር፣ ሰልፉን በምትመራው መኪና፣ ጋቢና ትቀመጫለሽ። ባንዲራውን የምታውለበልቢው አንቺ ነሽ!”

“ጋቢና?”

“የክብር ቦታ ነው እኮ።”

“መኪና አለኝ፤ መንጃ ፈቃድ አለኝ። በራሴ መኪና እመጣለሁ ብዬ ተመዝግቤያለሁ።”

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። “ልጄ፣ ተራራ ቀልድ አያውቅም። አንድ ነገር ብትሆኚ ለእናትሽ ምን ብለን እንነግራለን?”

እናቷ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነች፤ በሕይወቷ ሙሉ ሴቶችን ስታዝዝ የኖረች፣ ቃሏ መሬት ጠብ የማይል። ጭልፊት ትደግፈኛለች ብላ ዘወር አለች። እናቷ ግን “እውነታቸውን ነው” ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

“ጋቢና አልቀመጥም ጋሼ” አለች ጭልፊት። “ስለ አበባው አመሰግናለሁ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭልፊትን የጣላት መኪና አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ከላቦራቶሪው ስትወርድ አዲስ የታጠበ ደረጃ አዳለጣት፤ ወገቧ ተመታ፤ ከዚያ ወዲህ እግሮቿ አልታዘዝ አሏት። ሆስፒታል ሊጠይቃት የመጣው ሁሉ ታዲያ መኪናዋን እንድትሸጥ ይመክራት ጀመር። “የጣለኝ እኮ ደረጃ ነው!” ትላለች። “ከእንግዲህ ደረጃ ላይ እንዳላይሽ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ሁላችሁም በዚያች ምስኪን መኪና ላይ ተነሣችሁ።” እነሱም “እሺ፣ እሺ” ይሏታል፣ ትኩሳት ያለበት ሕፃን እንደሚባበል።

መኪናዋ ሸራ ለብሳ ጋራዥ ውስጥ ከረመች። አንድ ቀን ግን ጭልፊት የድሮ መካኒኳን ጠራች። ነገር የማያበዛ፣ ሲያስብ ጆሮውን የሚያክ ሰው ነው። መኪናዋንም እሷንም ተራ በተራ አይቶ፣ ጆሮውን አክኮ፣ “ይቻላል” አለ። በእግር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን አውጥቶ ካምቢዮውን በአውቶማቲክ ቀየረው። ከመሪው ሥር አንድ የብረት ዘንግ ገጠመላት፤ በግራ እጅ ወደ ራስ ሲስቡት ነዳጅ ይሰጣል፣ ወደ ፊት ሲገፉት ፍሬን ይይዛል። መሪው ላይ ደግሞ ለቀኝ እጇ መያዣ ሠራላት። ክረምቱን ሙሉ ባዶ ሜዳ ላይ ስትለማመድ ከረመች። ለመንጃ ፈቃድ ሊፈትናት የመጣው ሰው መጀመሪያ ቀበቶውን ደጋግሞ አጠበቀ፤ ፈተናው ካለቀ በኋላ ግን አንድ ዙር እንድትደግምለት ጠየቃት፤ ደስ ብሎት ነው።

እናቷ መንጃ ፈቃዱን ያየች ዕለት አኮረፈች። ኩርፊያዋ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ለግድግዳው “ምሳ ቀርቧል” ትላለች፤ ጭልፊትም ለግድግዳው “መጣሁ” ትለዋለች። ግድግዳው በዚያ ሰሞን ከቤቱ ሰው ሁሉ የበለጠ ተከብሮ ነበር።

እሁድ ጠዋት ጭልፊት ጋራዡን ስትከፍት እናቷ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ መኪናዋ አጠገብ ቆማለች።

“ወዴት ነው?” አለች ጭልፊት።

“አንቺስ ወዴት ነው?”

“ታውቂዋለሽ።”

“እንግዲያው እኔም እዚያው ነኝ። ገደል የምትገቢ ከሆነ በዓይኔ ልየው፤ ሰው መጥቶ እንዲያረዳኝ አልፈልግም።”

መግባቱ ራሱ አንድ ጉዞ ሆነ። እናቷ መጀመሪያ በጭንቅላቷ ሞከረች፤ እንቢ አለ። በእግሯ ጀመረች፤ ካፖርቱ በሩ ላይ ቀረ። በስተመጨረሻ ጀርባዋን ሰጥታ ዝም ብላ ወደቀችበት። “ይኼ መኪና ነው ጉድጓድ?” ጭልፊት ሳቋን ዋጥ አድርጋ በክንዶቿ ወደ መሪው ወንበር ተሻገረች። የተሽከርካሪ ወንበሯን ጎማዎች ነቅላ፣ አጣጥፋ ከወንበሮቹ ጀርባ ሸጎጠችው። አንዱ ጎማ ግን ቦታ አጣ፤ እናቷ ታቀፈችው።

ከተራራው ግርጌ ያለው ነዳጅ ማደያ በስፖርት መኪና ተሞልቷል። አንዱ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ሞተር ያሳያል፣ ሌላው በመሐረብ አቧራ ይጠርጋል። ሰብሳቢው ቀይዋን መኪና ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

“ልጄ፣ ተነጋግረን አልነበረም?”

“ተነጋግረናል፤ እምቢ ብያለሁ።”

“ሰልፉ ውስጥ አትገቢም። ማኅበሩ ኃላፊነት አይወስድም።”

“ሰልፉን ያዙት ጋሼ። እኔ መንገዱን ነው የምፈልገው። መንገዱ የአባትዎ ርስት ነው እንዴ?”

ሰብሳቢው በጋቢናው መስኮት በኩል አጎነበሱ። “እርስዎ እንኳን ይንገሯት እንጂ፣ እናት!”

“እኔ ጎማ ይዣለሁ” አለች እናቷ። “አይታይዎትም?”

ጭልፊት ዘንጉን ሳበች፤ ሞተሩ አጓራ፤ ከሰልፉ ቀድማ ወጣች።

መንገዱ በጥድ ደን መሃል ይጀምራል። ከዚያ ደኑ ይቀርና በአንድ በኩል ቀጥ ያለ ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ባዶ አየር ይሆናል። የሞተሩ ድምፅ ከቋጥኙ ጋር ተላትሞ በመስኮቱ ተመልሶ ይገባል። ኩርባ ሲመጣ ጭልፊት አስቀድማ ታበርዳለች፤ የኩርባው ወገብ ላይ ስትደርስ ዘንጉን በስሱ ትስባለች፤ መኪናዋም አስፋልቱን ጨምድዳ ትወጣለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በሕልሟ ስትነዳው የነበረ መንገድ ነው። በሕልሟ ግን ጋቢናው ባዶ ነበር፤ አሁን “ቀስ በይ!” የሚል ሰው አለበት።

“ቀስ ብያለሁ እማዬ።”

“ከዚህም ቀስ አለ!”

ከተራራው ወገብ በላይ ጭጋግ ወረደባቸው። ኩርባዎቹም ተከታተሉ። ዘንጉን ይዞ መቆየት ሜዳ ላይ ቀላል ነበር፤ ዳገት ላይ ሳያቋርጡ ሲስቡት ግን የግራ ክንዷ መጋል፣ ከዚያም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጣቶቿ ተኮማተሩ። መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ ጥጓን ይዛ ቆመች።

ብዙም ሳይቆይ ሰልፉ ከኋላ ደረሰ። ከፊት የሚመሩት ሰብሳቢው አጠገቧ ሲደርሱ ዝግ አሉ፤ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው “ተዪው፣ ነይ ግቢ” በሚል ምልክት ጋቢናቸውን አሳዩዋት። ራሷን ስትነቀንቅባቸው ሄዱ፤ ሌሎቹም በየተራ ክላክስ እየነፉ ተከተሏቸው። ጭጋጉ ዋጣቸው።

“ለምን ቆምሽ?” አለች እናቷ።

“ክንዴ እንቢ አለኝ።” ጭልፊት ጣቶቿን ከዘንጉ ላይ አላቀቀች። “እንመለስ መሰለኝ። ደስ ይበልሽ።”

እናቷ ጎማውን እግሯ ሥር አደረገችና የልጇን ክንድ ይዛ ታሸው ጀመር፤ ከክርን እስከ ጣት፣ በዚያ አጥንት በሚያውቅ እጇ። ያማል፤ ግን ሕይወት ይመልሳል።

“ስንቷ ሴት ‘በቃኝ፣ አልችልም’ ብላኛለች መሰለሽ” አለች እያሸች። “አልችልም ስትል ነው እኔ ፎጣ የማዘጋጀው። ያኔ ልጁ ደርሷል ማለት ነው።”

“አንቺ አይደለሽም እንዴ አትንጂ ስትይኝ የከረምሽው?”

“እኔ ብፈራ እናት ነኝ፤ መብቴ ነው። አሁንም እፈራለሁ። ሰውየው ግን እንደ ታክሲ ረዳት ‘ግቢ ግቢ’ ሲልሽ ደሜ ፈላ! እሱ ማን ስለሆነ ነው? በይ፣ ተነሺ። ግፊ!”

“እማዬ፣ ከገፋሁት ይቆማል።”

“እንግዲያው ሳቢው! እኔ ምን አውቅልሻለሁ!”

ጭልፊት ሳቀች፤ እስክታነባ ሳቀች። ክንዷ ሲፍታታላት መኪናዋን ወደ መንገዱ መለሰች። በየሰፋው ቦታ እየቆሙ፣ እናቷ እያሸች፣ እንደገና እየተነሡ፣ ከጭጋጉ በላይ ብቅ አሉ። ፀሐይ ፊት ለፊት ተቀበለቻቸው። ከሥራቸው ደመናው እንደ ተነደፈ ጥጥ ተዘርግቷል፤ ከማዶ ሐይቁ ያንጸባርቃል። እናቷ “ወይ ጉድ” አለች።

ጫፉ ላይ ማኅበርተኛው መኪናውን አቁሞ ፎቶ ይነሣል። ቀይዋ መኪና ስትገባ አንዱ አጨበጨበ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ሰብሳቢው ግን ፈጠን ብለው መጡ።

“ደረስሽ፤ ጎሽ። ከእንግዲህ ግን ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁለቱ አይሆንም። ቁልፉን ስጪኝና አንዱ ልጅ ያውርድልሽ።” እጃቸውን በመስኮቱ አስገቡ።

“እጅዎን ይሰብስቡ ጋሼ፤ መስኮቱን ልዘጋው ነው።”

“እንዲህ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ አባል አይደለሽም!” ሰው ሁሉ እየሰማ ነው፤ ሰብሳቢውም የተናገሩትን መመለስ አቃታቸው።

የጭልፊት የወጣትነት እሁዶች ሁሉ እዚህ ማኅበር ውስጥ ናቸው። ቀና ብላ ግን ፊታቸውን አየች።

“ይሁን። ያወጣሁላችሁን መንገድ ለእናንተ መርቄላችኋለሁ። እኔ ሌላ አወጣለሁ።”

ማኅበሩ ወደመጣበት ነው የሚመለሰው። በማዶ በኩል ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሌላ መንገድ አለ፤ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ ኮሚቴው ሁልጊዜ ሲከለክለው የኖረ። ጭልፊት ካርታው ላይ ኩርባውን አንድ በአንድ ታውቀዋለች፤ በጎማ ግን ነክታው አታውቅም። መሪዋን ወደዚያ አዞረች። ቁልቁለት ላይ መኪናዋ በራሷ ክብደት ስለምትሄድ ክንዷ አረፈላት፤ ዘንጉን በስሱ ገፋ፣ ለቀቅ፣ ገፋ፣ ለቀቅ። በአንድ ጎን ፏፏቴ፣ በሌላው ቢጫ አበባ የለበሰ ገደል እየተፈራረቀ ያልፋል።

“ከኋላችን ሰው አለ” አለች እናቷ ዞር ብላ።

ጭልፊት ስፖኪዮውን አየች። ቢጫ መኪና፣ ከሷም ኋላ ጥቁር፣ ከሷም ኋላ ሌላ፣ ኩርባውን እየዞሩ ይወርዳሉ።

“ምን ፈልገው ነው?”

“እኔ እንጃ” አለች ጭልፊት። እንዲደርሱባት ዘንጉን ትንሽ ገፋ አደረገችው።

ሐይቁ ዳር ስትቆም ሞተሩ እየቀዘቀዘ ጠቅ ጠቅ ይል ነበር። የቢጫዋ መኪና ባለቤት፣ ፀጉሯን ነፋስ የበታተነባት አንዲት የሒሳብ አስተማሪ፣ ወርዳ መጣች። ሰብሳቢው ምን እንዳሉ፣ ማን ማኅበሩን ጥሎ እንደወጣ አላወራችም። መስኮቱን ተደግፋ፣ “በሚቀጥለው እሁድ በየት በኩል ነው?” አለቻት።

“ገና አላየሁትም” አለች ጭልፊት። “ኑና አብረን እናየዋለን።”