የሰፊው ሜትር

ደንበኞቹ «ሰፊው ሰፊ» ይሉት ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰውነቱም ሰፊ ነው፤ ስሙ በሁለቱም በኩል ልኩ ሆኖ ተገኘ። እሱም አይቀየምም፤ ሆዱን መታ መታ አድርጎ «ጠባብ ሰፊ የት አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ይላል፤ ከሁሉም በላይ የሚስቀው ራሱ ነው።

አሁን በዚያው ሱቅ፣ በዚያው የስፌት መኪና ላይ የምትሠራው ልጁ ናት። ካረፈ ብዙ ዓመት ቢሆነውም ጠዋት በሩን ስትከፍት የሚቀበላት ሽታ ያው የድሮው ነው፤ የጋለ ካውያ፣ የመኪና ዘይት፣ ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ። አንዳንድ ቀን ሽታው ብቻውን ሆዷን ያባባዋል። ማንም በሌለበት «አባዬ» ትላለች።

ልጅ ሳለች፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ያቆማትና ሜትሩን በወገቧ ያዞራል። ደንበኞች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። እሷ ትንፋሿን ውጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች። እሱ ጎንበስ ብሎ ያይና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሰባ!» ይላል። በጽሑፍ ቢሆን ይህ ቃል ስድብም ሊሆን በቻለ፤ በእሱ አፍ ግን ቁጥር ነበር፤ ሙገሳም ነበር። ሰባ ሆና አታውቅም፤ ሁልጊዜ ከዚያ በላይ ነበረች። ደንበኞቹም ሳያውቁ አይቀሩም፤ አንድም አፉን የከፈተ አልነበረም።

ሲቆርጥ ግን መቀሱ እውነቱን ያውቃል፤ ዩኒፎርሙ ልክክ ይልላታል። ዓመቱ ሳይጋመስ ከጠበባትም ገላዋን እስክትታጠብ ጠብቆ ስፌቱን ይተረትርና ከውስጥ ካስቀረው ትርፍ ጨርቅ ለቀቅ ያደርግላታል። እንዲህ ሆኖ ልብሷ ስትወፍር ነግሯት አያውቅም። የክፍል ልጆች «ትራስ» ብለዋት እያለቀሰች ስትመጣ «የሰባ ልጅ ምኗ ነው ትራስ? ቀንተው ነው!» ይልና እንባዋን ጠመኔ በነካው እጁ ይጠርግላታል። ፊቷ ነጭ በነጭ ይሆናል፤ መስታወት ውስጥ ተያይተው በሳቅ ይፈርሳሉ። እንዲህ ያለ አባት ከየት ይገኛል? አይገኝም።

ከዚያ አንገቷ ዙሪያ ጥቁር መስመር ወጣ። እናቷ ቆሻሻ መስሏት «ታጠቢ እንጂ አንቺ ልጅ!» እያለች እስኪቀላ ፈተገቻት፤ መስመሩ ወይ ፍንክች። ውሃ ጥሙ መጣ፤ ደረጃ ላይ ትንፋሽ ማጠሩ መጣ። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት አንዲት ነርስ አንገቷን አይታ «ይሄ እኮ ቆሻሻ አይደለም የኔ እህት፤ ሰውነትሽ ስኳሩን መቋቋም ሲያቅተው እንዲህ ያሳያል» አለቻት። ደሟ ታየ፤ ስኳር በሽታ ሆነ።

«የትልቅ ሰው በሽታ አይደል እንዴ?» አለ አባቷ፣ ክው ብሎ። እሱ ራሱ ያኔ የማይድን ቁስል በካልሲ ሸፍኖ ይዞር ነበር። ብዙም ሳይቆይ እግሩ ተቆረጠ፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ አልሰነበተም። እሷ እስከ ዛሬ ክኒኗን ትውጣለች። ናፍቆቱና ንዴቱ ተያይዘው ነው የሚመጡባት፤ «ምነው አንድ ቀን እንኳ እውነቱን ብትነግረኝ ኖሮ!» ትለዋለች፤ ወዲያው ደግሞ ያ «ሰባ!» የሚለው ድምፁ አንጀቷን ይበላዋል።

ዛሬ ከሰዓት የራሷ ልጅ፣ አሥራ አራት ዓመት ያልሞላት፣ የዩኒፎርም ቀሚሷን ይዛ ሱቁ ገባች።

«እማ፣ ይሄ ነገር ሲታጠብ ተሰብስቧል መሰለኝ። ሰፋ አድርጊልኝ።»

«ነይ እስቲ፣ ቀጥ በይ።»

ፀጉሯን ከኮሌታዋ ስታነሳላት ያንን ጥቁር መስመር አየችው። ኮሌታውን ገለጥ አድርጋ ደግማ አየችው።

«ምነው እማ?»

«ምንም።» ሜትሩን አዞረች። ልጅቷ ትንፋሿን ዋጠች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ስንት ነው?»

ሰባ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ማለቱ እንዴት ቀላል ነበር! ልጇ ትስቃለች፣ ስፌቱ ይለቀቃል፣ ቀኑ በሰላም ይመሻል።

«ዘጠና ሁለት» አለች።

ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። «አንቺም ወፍራም ልትይኝ ነው?»

«እኔ የምልሽ ልጄ ነሽ ነው። ቀሚሱን አሁኑኑ አሰፋልሻለሁ፤ ልብስ አያስጨንቅሽም። ጠዋት ግን አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን። አንገትሽ ላይ ያለው እኔም ነበረብኝ። የኔ ሳይታወቅ ቆይቶ በሽታ ሆነ፤ አንቺ ገና ነሽ፣ ይደረስበታል።»

«ሁልጊዜ እኔ ብቻ!»

«ማን ብቻሽን አደረገሽ? እንኪ።» ሜትሩን ሰጥታት እጆቿን አነሳች። «እኔንም ለኪኝ። ጮክ ብለሽ አንብቢ።»

ልጅቷ እያመነታች አዞረች፤ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አየች። ቀና ብላ ደግሞ የእናቷን ፊት አየች። ከዚያ ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ሰባ!» አለች።

አያቷን አላየችውም፤ ይህን ነገር የነገራትም የለም። እናት እየሳቀች እንባዋ ወረደ። የልጇን እጅ ከነሜትሩ ጭብጥ አድርጋ ያዘችው።

«እንደገና አንብቢ የኔ ቆንጆ» አለቻት። «አሁን እውነቱን።»