አባዬ የነፋው ፊኛ

ላቦራቶሪ ውስጥ «ሦስቴ» ነው የሚሉኝ። በፊቴ አይሉኝም፤ ወኔው የላቸውም። ስሙ የወጣልኝ አንድ ሙከራ አንዴ ወይ ሁለቴ ሠርቶ «ተሳካ!» እያለ የሚጨፍር ሰው ሳይ ደሜ ስለሚፈላ ነው። አንዴ አጋጣሚ ነው። ሁለቴም ዕድል ሊሆን ይችላል። ሦስቴ ካልተደገመ ውጤት ብሎ ነገር የለም። አባዬ ራሱ ይቺን አመሌን ስለሚያውቅ ኪኒኑን ባቀበልኩት ቁጥር «ስንት ጊዜ ልዋጠው?» እያለ ይቀልድብኛል።

ሥራዬ ቀለበት መሥራት ነው። የጣት ቀለበት እንዳይመስላችሁ። ከካርቦንና ከናይትሮጅን የተገጣጠመች፣ በዓይን የማትታይ ቀለበት ሠርቼ መሀሏ ላይ ዚንክ አስቀምጣለሁ። ደማችን ውስጥ ዚንክ የታቀፈ ኢንዛይም አለ። የተቃጠለውን አየር ደም ውስጥ ያሟሟዋል፤ ሳንባ ሲደርስ መልሶ አየር ያደርገዋል፤ እኛም እናስወጣዋለን። የኔ ቀለበት የዚያ ኢንዛይም አስመሳይ ናት። ሰነፍ አስመሳይ! እሱ በሚሮጥበት እሷ ትድሃለች።

ሥራዋን የምናየው በቀለም ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ሰማያዊ ነው፤ የተቃጠለ አየር ሲገባበት ቢጫ ይሆናል። ይህ አየር የሚቀዳበት የጋዝ ሲሊንደር ሲያልቅ ደግሞ በቱቦ እፍ ማለት የቆየ ልማዳችን ነው። ያን ሰሞንም አለቀ። እኔ ግን አባዬ ትዝ አለኝ። ሳንባው ታሞ የተቃጠለው አየር ውስጡ እየተጠራቀመ ነው ብሎናል ሐኪሙ። ከሱ የተሻለ ትንፋሽ ከየት ይገኛል ብዬ ቀይ ፊኛ ገዝቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ልደትሽ ነው እንዴ?» አለኝ።

«ንፋልኝ አባዬ፣ ለሥራ ነው።»

«ሰው ለልጁ ቤት ያወርሳል፣ እኔ ትንፋሽ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። የምታስታምመው ታናሽ እህቴ በዓይኗ ገረፈችኝ። እሱ ግን እያረፈ፣ እያረፈ ነፋው።

በማግስቱ ፊኛውን ጠርሙሱ ውስጥ አስተነፈስኩና ክዳኑን አሸግኩት። ማማሰያው ማሽን ላይ አስቀምጬ አሽከረከርኩት። ቀስ ብሎ ቢጫ ሆነ። ጎበዝ ብዬ ዕቃ ላጥብ ዞርኩ። ስመለስ ሰማያዊ ነው።

የታሸገ ጠርሙስ! አየሩ የት ሄዶ ነው ሰማያዊ የሚሆነው? እያየሁት መልሶ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ሰማያዊ።

አጠገቤ የሚሠራውን ባልደረባዬን ጠራሁት። ከሰው ሁሉ ጋር ስጣላ የሚያስታርቀኝ እሱ ስለሆነ «ሸምጋይ» ነው የምንለው። ክዳኑን ነካካው፤ አያስተነፍስም። ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

«ይተነፍሳል» አለ በለሆሳስ።

«አንተ ደግሞ! ሥራ ፈት!» ብዬ ጮህኩበት። የጮህኩት ግን ፈርቼ ነው። ቢጫው አጭር ነው፤ ሰማያዊው ይጎተታል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ልክ እንደተደናቀፈ ሰው መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ይህን አካሄድ አውቀዋለሁ። ቤት ውስጥ ሌሊት ሌሊት በግድግዳው በኩል ስሰማው ነው የኖርኩት።

ለእህቴ ደወልኩና ስልኩን አባዬ ደረት ላይ እንድታደርገው ነገርኳት። ድምፁን ከፍ አድርገን ሰማን። አባዬ አየር ባስወጣ ቁጥር ጠርሙሱ ሰማያዊ ይሆናል። ሸምጋይ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ጤነኛ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እጁን ይሰበስባል። እኔ ግን «ማረጋገጥ አለብን» አልኩ። ማማሰያውን አጠፋሁት። ውሃው ቢጫ እንደሆነ ቀረ። ስልኩ ውስጥም ትንፋሹ ጠፋ።

«እታለም!» አለች እህቴ። «እታለም፣ አባዬ አይተነፍስም!»

አበራሁት። ሰማያዊ። አባዬ ሳለ።

«አጋጣሚ ነው» አልኩ፤ እጄም ማንም ሳያዘው እንደገና አጠፋው። እህቴ ስትጮህ ድምጿ የሰው አይመስልም ነበር። አበራሁት፣ ተመለሰ።

«ሦስተኛውስ?» አለ ሸምጋይ። ልማድ ሆኖበት ነው፤ ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝ።

«ሁለት ይበቃል» አልኩት። በሕይወቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ማማሰያውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ጠርሙሱን በእጄ እያሽከረከርኩ ታክሲ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አንዴ አዩኝና ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ቤት ስደርስ ማማሰያውን አባዬ አልጋ አጠገብ ሰክቼ ጠርሙሱን አስቀመጥኩበት። የሆነውን ለእህቴ ነገርኳት፤ እሷ ለአባዬ ሁሉንም ነገረችው።

«ይቺ ቀለበትሽ ታልቃለች?» አለኝ ብዙ ካየ በኋላ።

«አታልቅም አባዬ። እሷን አይደክማትም፤ የሚያልቀው የምትሠራበት ነገር ነው።» ካልኩ በኋላ ምላሴን ነከስኩ።

«እንዲያ በይኛ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ጠርሙሱ እየፈጠነ፣ ቀለሙም እየደመቀ ሄደ። አባዬ ግን ከሳ። ቀልዱ ጠፋ። ትንፋሹ አልቆመም፤ እንዲያውም ልክ እንደ ሰዓት ሆነ፣ መደናቀፉም ቀረ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ያ ድምፅ ያሳቅቀኝ ጀመር። አንድ ቀን ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋኝ።

«እኔ አይደለሁም የምተነፍሰው፣ የኔ ልጅ። እሱ ነው የሚያስተነፍሰኝ። እንቅልፍ እንኳን ነሣኝ። አጥፊልኝ።»

እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ምን ላድርግ? አባቴ ነው።

አንድ ጠዋት መብራት ጠፋ። ማማሰያው ቆመ። ዘልዬ ጠርሙሱን አነሳሁና በእጄ አሽከረከርኩት። ክንዴ ዛለ። «ነይ ተቀበይኝ!» አልኳት እህቴን። ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ተይው እታለም። ሲለምንሽ አትሰሚም?»

«ዝም በይ!»

«ስንተኛው ነው ይሄ?» አለ አባዬ።

«ምኑ?»

«ሙከራው። ሁለቴ አድርገሻል አሉ። ሦስት ካልሆነ ውጤት የለም ስትይ አልነበር?»

«ሁለት ይበቃል፣ አባዬ።»

«ውሸታም» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነበር። እጁን አንስቶ እጄ ላይ አኖረው። ምንም አይከብድም። ብገፋው ይወድቅ ነበር። አልገፋሁትም።

እጄ ቆመ። ቢጫው ረጋ። እህቴ ሌላኛውን እጁን ያዘችው። ትንሽ ቆይቶ መብራት መጣና ማማሰያው ባዶውን መሽከርከር ጀመረ። እህቴ ሄዳ ነቀለችው። እዬዬ ብዬ አለቀስኩ።

ሥራ ስመለስ ሸምጋይ እቅፍ አድርጎኝ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠውን ቢጫ ጠርሙስ አየ፤ «ሦስተኛው...» ብሎ ጀመረና አቋረጠው።

«ተደግሟል» አልኩት።