ሐሚዳ የለጋቻት ኳስ

ሐሚዳ በረኛ የሆነችው በሱሪ ምክንያት ነው። ዛሬ ስሟን የሚያነሱ ሰዎች «ለግብ ጠባቂነት የተፈጠረች» ሲሉ እሰማለሁ፤ ይበሉ። እኔ ግን በቦታው ነበርኩ። እናቷ እትዬ ሸምሲያ ልጃቸው በቁምጣ ሜዳ ለሜዳ ስትሮጥ ማየት ሞታቸው ነበር። ቀበሌያችን የሴቶች ቡድን ሲያቋቁም ሊቀመንበሩ ጓድ ገረመው ሱቃቸው ድረስ ሄዶ ለመናቸው፤ የሊቀመንበር ልመና ምን ማለት እንደነበር በዚያ ዘመን ለኖረ አይነገርም። እሳቸውም እምቢ ማለቱን ትተው፣ ረጅም ቱታ ለብሶ መጫወት የሚፈቀድለት ማን እንደሆነ ጠየቁ። በረኛ ነው ተባሉ። «እንግዲያው በረኛ ትሁን» አሉ፣ በቃ። እኔ ተናኜ ደግሞ ከፊቷ የምቆም ተከላካይ ሆንኩ፤ ሌላ ቦታ የሚፈልገኝ ጠፋ።

መጀመሪያ ላይ ኳስ ስትመጣ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። ስንት ጎል እንደገባባት አልናገርም፣ ነውር ነው። ግን እልኸኛ ናት። ጠዋት ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ታናሽ ወንድሟ ኑሪ ግቢያቸው ውስጥ በጨርቅ ኳስ እየለጋ ያለማምዳት ነበር፤ የእትዬ ሸምሲያን የቆርቆሮ አጥር ሁለቱ ተጋግዘው አጎበጡት። በሁለተኛው ዓመት ከገርጂ ድረስ እሷን ለማየት የሚመጣ ሰው ነበር። የሰፈሩ ወንዶች «ማግኔት» አሏት። ማግኔት ብለው በጠሯት ቁጥር ከሷ ይልቅ የሚኩራራው ኑሪ ነበር።

ከዚያ ኑሪ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። ዐሥራ ስምንት የሞላው ወንድ ልጅ ያለበት ቤት ያን ጊዜ እንዴት እንደሚያድር የኖረበት ያውቀዋል። ታላቃቸው ሱልጣን ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ኤርትራ ከገባ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ እትዬ ሸምሲያ በደጃቸው መኪና ቀስ ብሎ ባለፈ ቁጥር ኑሪን ከሱቁ ጓዳ፣ ከጨው ጆንያ ኋላ ይከቱት ጀመር። ልጁ ፀሐይ ካየ ሰነባበተ።

የዋንጫው ጨዋታ እሑድ ከሰዓት ሆነ። ጓድ ገረመው የቀበሌው ወጣት በሙሉ ወጥቶ ቡድኑን እንዲደግፍ፣ የቀረ ግን እንደሚጠየቅ አስነገረ። ሐሚዳ አፈሳ እንዳይሆን ፈርታ ቢሮው ድረስ ሄዳ ጠየቀችው። ስፖርት ስፖርት ነው፣ ማንም አይነካም ብሎ ማለላት። እሷ ግን መሐላውን አላመነችውም። ኑሪ ቢቀር ቤት ድረስ መጥተው ይፈልጉታል፤ ቢመጣ ደግሞ አፈሳው ውስጥ በገዛ እግሩ መግባቱ ነው። በመጨረሻ ይምጣ አለች፤ ግን ከጎሏ ኋላ፣ ድምፁ ከሚሰማት ቦታ ንቅንቅ እንዳይል አስማለችው።

እንደዚያ ያለ ጨዋታ ተጫውቼ አላውቅም። ኳሷ ወዲያ ማዶ ስትሆን ሐሚዳ ወደ ኋላ ሳትዞር «አለህ?» ትላለች። «አለሁ» ይላታል። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ትጠይቀዋለች። ኑሪ እየሳቀ ነበር የሚመልሰው፤ ከጓዳ የወጣ ልጅ፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ፣ ምን ያድርግ። እኔ ግን ዙሪያውን እቃኛለሁ። ከጎሉ አጠገብ አብዮት ጠባቂው ረታ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል። ከጎላችን ኋላ ከቆመው ሕዝብ ጀርባ መሬቱ ቁልቁል ወርዶ ገደል ይሆንና ከታች ወንዝ አለ። ከወንዙ ማዶ ባሕር ዛፍና የገበሬ ማሳ ነው፤ እዚያ የገባ ሰው ከቀበሌያችን ዓይን ወጣ ማለት ነው።

አንድ ለዜሮ እየመራን ሳለ ከማዶኛው ጎል ባሻገር አቧራ አየሁ። ሦስት ኦራል መኪኖች ነበሩ። ወታደሮች ወረዱ። አልቸኮሉም፤ እየተራራቁ ሜዳውን በግራና በቀኝ መክበብ ጀመሩ። ሕዝቡ ዓይኑ ኳሷ ላይ ነው፣ እነሱ ደግሞ በጀርባው በኩል ናቸው። ዞር ብዬ ሐሚዳን አየኋት። አይታለች። 

መጮህ አይቻልም። ረታ አጠገባችን ነው። አንዷ «ሩጡ» ብትል በሚሮጠው ሁሉ ላይ ይተኮሳል፤ ያለችውም ቤቷ አትገባም።

ያኔ የተጋጣሚያችን አጥቂ ከሩቅ መታችና ሐሚዳ ኳሷን ያዘቻት። ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። ልጊያት እንጂ አልኳት። ዞረችና ኳሷን በገዛ ጎሏ አናት ላይ፣ ከሕዝቡም በላይ አሳልፋ ወደ ገደሉ ለጋቻት። እንዲህ ያደረገ በረኛ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። ጓድ ገረመው ከመስመሩ ዳር ሆኖ አብዳለች ወይ እያለ ጮኸ፤ እግሬ አዳለጠኝ አለችው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞራ፣

«ኑሪ፣ አንተ ውረድ። አንተ አምጣት» አለች።

ቀበሌው ያለችው አንዲት ኳስ ናት። ባለፈው ክረምት ኳስ የጠፋበት ልጅ የሕዝብ ንብረት አጥፍተሃል ተብሎ ቀበሌ እስር ቤት ከርሞ ነው የወጣው። ስለዚህ ረታም መንገድ ለቀቀለት፣ ጓድ ገረመውም ቶሎ በል እያለ አጣደፈው። ኑሪ እህቱን አየት አደረጋት። ሳቁ ጠፋ። ከዚያ ወደ ማዶኛው ጎል ተመለከተና ቁልቁል ወረደ።

ጠበቅን። ወታደሮቹ በሁለቱም በኩል የሜዳውን ግማሽ አልፈዋል። እኔ በልቤ ሂድ፣ ሂድ፣ አትመለስ እላለሁ፤ እመቤቴን ለመንኳት። በዘገየ ቁጥር ተስፋዬ ጨመረ። አሁን ወንዙን ተሻገረ፣ አሁን ዛፉ ውስጥ ገባ እያልኩ አሰላለሁ። ሐሚዳ የጎሉን ቋሚ ጨምድዳ ይዛ ትተነፍሳለች።

ድንገት ኳሷ ከገደሉ አፋፍ ብቅ አለች። ብቻዋን። አፋፉን ነካ አደረገችና ተንከባላ ተመለሰች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ብቅ አለች፤ አሁንም ተመለሰች። ከታች ሆኖ እየወረወራት ነው። ወርውሯት ሊሄድ ነው የፈለገው። ሐሚዳ አፏን ከፈተች፤ ተዋት ልትለው እንደነበር አውቃለሁ። ረታ ቆሞ ያያታል። አፏን መልሳ ዘጋችው።  ኳስ ተው ማለት የሚያስፈራበት ጉድ ዘመን ነበር የኖርነው።

ከዚያ የኑሪ ራስ ታየ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል፣ ክንዱን እሾህ ቧጭሮታል። ሕዝቡ አጨበጨበለት። ኳሷን አቅፎ እስከ እህቱ እግር ድረስ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁት።

«ልወርድ ስል አይቻቸዋለሁ» አላት። «ሁለቴ ብወረውራት ተመለሰችብኝ። ትቻት ብሄድ የሚይዙት አንቺን ነው።»

ሐሚዳ ኳሷን አልተቀበለችውም። እጇን አነሣችና ባላት ኃይል በጥፊ አጮለችው።

ሕዝቡ ሳቀ። ኳስ ለማምጣት ስለዘገየ የተመታ መስሎት ነበር። ሳቁ ከኛ ጎል ተነሥቶ የሜዳውን ዳር ዳር ይዞ ሄደ፤ ወታደሮቹ የደረሱበት ጋ ሲደርስ ቆመ።