በሬንጅ የተደፈነችው ቀዳዳ

«ሞተሬን አውርድ! አውርድ ብያለሁ! እናንተ ሰዎች፣ በጠራራ ፀሐይ ስዘረፍ ዝም ትላላችሁ?»

ካፒቴን ይህን ሲጮህ ፊቱን እንኳ አልታጠበም፤ ሸሚዙንም ገልብጦ ነበር የለበሰው። አምስት ሜትር የማትሞላ የአሉሚኒየም የዓሣ ጀልባ ስላለችው ሰፈሩ በቀልድ ካፒቴን ይለዋል፤ እሱ ግን ቀልድ መሆኑን ከረሳው ቆይቷል። ከፊቱ ጋሪ ይዞ የቆመው ጎረቤቱ፣ ብረት በያጁ ነው። ጋሪው ላይ በጆንያ ተጠቅልሎ የተጋደመው ደግሞ የካፒቴን ሞተር ነው።

ሐይቁ ዳርቻ ላይ መረብ የሚያራግፉት አጥማጆች ሁሉ ሥራቸውን ትተው ዞሩ። በያጁ ሁለት ቃል ከተናገረ ሦስተኛው የሚከብደው ሰው ነው።

«የጀልባህን ጀርባ ሄደህ እየው» አለና ጋሪውን መግፋቱን ቀጠለ።

ካፒቴን እየተሳደበ ሄደ። ሞተሩ የሚንጠለጠልበትን የጀልባዋን የኋላ ግድግዳ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱ ገባ። ብሎኖቹ የነበሩበት ቀዳዳ ጥርስ እንደወለቀበት ድድ ሰፍቷል፤ ዙሪያው ነጭ ዱቄት ተነስንሶበታል። ከአሉሚኒየሙ ውስጥ ያለው እንጨት ጠቁሮ በጥፍር ሲነካ ይረግፋል፤ ሽታውም የከረመ እርጥብ ጆንያ ነው።

ስድቡ አፉ ውስጥ ቀረ። ዓሣው ወደ ማዶው ዳርቻ በመንጋ የሚጠጋው በዓመት አንድ ሳምንት ነው፤ ያም ሳምንት ዛሬ ይጀምራል። ያለ እሱ የዓመት ኑሮ አይሞላም። ካፒቴን ዛሬ ብቻውን ሊሻገር ነበር። መሐል ላይ ሞተሩ ግድግዳውን ገንጥሎ ቢወርድስ? ካፒቴን ደግሞ ዋና አይችልም። ይህን የሚያውቁት በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሚስቱና በያጁ።

ቤት ሲመለስ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው።

«ውሰደው ያልኩት እኔ ነኝ» አለችው። «ትናንት ስትመለስ ሞተሩ እንደሚያንቀላፋ ሰው ሲነቀነቅ አይቶ፣ በንጋት መጥቶ በር አንኳኳ። የሞተሩን ቁልፍ ሰጠሁት።»

«እኔን አትቀሰቅሺኝም?»

«ብቀሰቅስህ ምን ትል ነበር?»

ካፒቴን አሰበ። «ምንም አትሆንም እል ነበር።»

«እንግዲህ!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ካፒቴን ግን የሚያሽበትን ነገር ባያገኝም እግሩን ማንቀሳቀስ አላቃተውም፤ ጀልባዋን በሰው ጉልበት አስጎትቶ የበያጁ ደጅ አደረሳት። ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ። በያጁ መዶሻ አስጨበጠው።

«ያዝ። እዚህ ጋ ምታ።»

የበሰበሰውን ቆርጠው አወጡ። እንጨቱን በመሮ እየፈለፈሉ ሲያራግፉ በያጁ ከግድግዳው ግርጌ አንድ ነገር አይቶ ቆመ። ጥቁር፣ ደረቅ፣ በጥንቃቄ የተጠቀጠቀ።

«ይህን ሬንጅ ማነው የሞላው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ካፒቴን ቀና ብሎ። «ፋብሪካው ቀዳዳ ትቶባት ነበር። ውሃ እንዳይገባ በየዓመቱ እደፍነዋለሁ።»

«ውሃ እንዲወጣ የተተወች ናት።»

«ጀልባ ላይ ቀዳዳ? ለጤናህ ነው?»

በያጁ ረጅም ንግግር አደረገ፤ በእሱ ሚዛን። «በብሎኑ በኩል ውሃ ይገባል። መውጫ ሲያጣ እንጨቱ ይጠጣዋል። የራሰ እንጨት አሉሚኒየሙን ይበላል። አንተ ደግሞ በየዓመቱ ክዳኑን ገጠምክለት።»

ካፒቴን ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጠ። የሬንጁን ስብርባሪ አንሥቶ በጣቱ አገላበጠው።

«ለሦስት ሰው መክሬአለሁ» አለ። «ሬንጁንም ከቤቴ ነው የሰጠኋቸው።»

በያጁ መሮውን አስቀምጦ ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ ድምፅ የለውም።

አሮጌውን እንጨት መለኪያ አድርገው ሁለት አዲስ ኮምፔርሳቶ ቆረጡ፤ ሁለቱን በኮላ አጣብቀው ጠርዙን ሦስት ጊዜ ቀለም አጠጡት። አዲሱን የአሉሚኒየም ልባስ በሪቬት መቱት። ብሎኖቹ ዝገት በማይነካቸው ተተኩ፤ በየሥራቸውም ብረት ከአሉሚኒየም እንዳይነካካ ጎማ ገባ። ግርጌዋ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በያጁ ራሱ አጸዳት፤ ከዚያም የምትጠረግበትን ቀጭን ሽቦ ከሞተሩ አጠገብ አንጠለጠለ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ሰውዬ መጥቶ ጮኸ። ለበያጁ ያዘዘው የግቢ በር ግማሹ ብቻ ተሠርቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ቀጠሮውም አልፏል። ካፒቴን ከጀልባዋ ሥር ተኝቶ ያጥባል፤ ሁሉን ይሰማል።

«በርህ ሳምንት ቢዘገይ አይሰጥምም» አለው በያጁ።

ካፒቴን መወልወያውን ጨምድዶ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ አሸ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጀልባዋ ዳርቻው ላይ ደረሰች። ከዓሣው ሳምንት ሦስት ቀን ይቀራል። አጥማጆቹ ያው ናቸው፤ መረቡም ያው ነው። ካፒቴን ሸሚዙን ዛሬ በትክክል ለብሷል። አንድ ድንጋይ ላይ ወጣ።

«ስሙኝማ! የዛሬ አራት ቀን እዚሁ ቆሜ ይህን ሰው ሌባ ብዬዋለሁ። ሁላችሁም ሰምታችኋል። እሱ ግን የሰረቀው ከውሃው ነው፤ እኔን ነው የሰረቀው። ጎረቤት ከዘመድ ይበልጣል ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር። ዋና አልችልም። አዎ፣ አልችልም፣ አትሳቁ! ሬንጅ የሰጠኋችሁ ሦስታችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ቀዳዳችሁን ክፈቱ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሳቁ ዳርቻውን ሞላው፤ ሦስቱ ብቻ ወደየጀልባቸው ሮጡ። ካፒቴን ከድንጋዩ ወርዶ የበያጁን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ ንፋሱ ነው ብሎ እንዳያመካኝ ንፋስ አልነበረም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። ምን ላድርግልህ? በል ና፣ የመጀመሪያው ጉዞ የአንተ ነው። የክብር ቦታህ ከፊት ነው። ተሳፈር!»

በያጁ ጀልባዋን አየ። አዲሱን ጀርባዋን አየ። እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ።

«አንተ ቀድመህ ሄደህ ተመለስ» አለ። «እኔ ማን እንደሠራት አውቃለሁ።»