ለታፈሰ ያልተናገረው ዴስክቶፕ

ታፈሰ ስኳር በሽታ ዓይኑን ከነሣው ወዲህ ኮምፒውተር የሚጠቀመው በጆሮው ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብለት ፕሮግራም አለው። ፕሮግራመር የሆነችው እኅቱ ወሰንየለሽ፣ እሷና ሌሎች ዳላስ ያሉ ሐበሻ ፕሮግራመሮች ተሰባስበው የአማርኛ ሊኑክስ፣ ማንም በነፃ ወስዶ እንደፈለገ የሚቀይረው የኮምፒውተር ሲስተም፣ እየሠሩ መሆኑን ስትነግረው፣ “የሜኑውን ትርጉም ለእኔ ተዉት” አለ። ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው ዋይሊ፣ ቤታቸው ቁጭ ብሎ እያንዳንዷን ቃል እያላመጠ፣ ከራሱ ጋር እየተከራከረ ጨረሰው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው ዳላስ አጠገብ፣ አዲሰን ውስጥ ቡድኑ በተከራየው ቢሮ ተሰበሰቡ። የቀረው አንድ ውሳኔ ነበር፤ ሲስተሙ ሲጫን መጀመሪያ የሚመጣው ዴስክቶፕ፣ ማለትም የስክሪኑ ገጽታ፣ የትኛው ይሁን? አንደኛው መልኩ ያረጀ፣ ታፈሰ ሲሞክረው የከረመው ነው። ሌላው አዲስ ነው፤ ያምራል፣ ግን ሜኑው ሲከፈት አንባቢው ድምፅ ጸጥ ይላል።

የቡድኑ መሪ ባርናባስ እዚያው አሜሪካ፣ ፕሌኖ ያደገ ልጅ ነው።

“ሶ፣ አዲሱን ዲፎልት እናድርገው” አለ። “ሰው መልኩን አይቶ ነው ዳውንሎድ የሚያደርገው። የድሮውን የፈለገ፣ ማለቴ፣ በኋላ ይቀይራል።”

“ሜኑው ካልተነበበለት ወንድሜ መቀየሪያውን በምን ያገኘዋል?” አለች ወሰንየለሽ።

“አንቺ ትቀይሪለታለሻ።”

“እኅት የሌለውስ?”

“ለስንት ሰው ብለን ነው ግን?”

ታፈሰ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ዞር ብሎ የጠየቀው የለም። “እጅ አውጡ” ተባለ፤ ከወሰንየለሽ በቀር ሁሉም ትንፍሽ ሳይሉ እጃቸውን አወጡ።

“ምን ተወሰነ?” አለ ታፈሰ።

“አዲሱ አለፈ” አለች ከጎኑ የነበረችው ናኦሚ፣ አንገቷን ደፍታ።

ታፈሰ ፊቱ ደም መሰለ። “እኔ እዚህ ተቀምጬ እጅ ታወጣላችሁ? ‘ስንት ሰው’ ካልካቸው አንዱ እኔ ነኝ፣ ባርናባስ! ትርጉሜን መልሱልኝ።”

“ጋሽ ታፈሰ፣ ይቅርታ፣ አይመለስም። ሲሰጡን ለማንም ክፍት ይሁን፣ የፈለገ ይጠቀምበት ብለው ፈቅደዋል እኮ።”

ወሰንየለሽ ላፕቶፗን ጠርቅማ ተነሣች። “በሰውዬው ልፋት አጊጣችሁ እሱን ከደጅ ታስቀሩታላችሁ? ትንሽ አታፍሩም?”

የወንድሟን ክንድ ይዛ ወጣች። መኪና ውስጥ ገብታ መሪውን በመዳፏ ደጋግማ መታችው።

“እጅሽን አትጉጂ” አለ ታፈሰ። “ክፍት ነው አላለም? እንግዲያው ለእኛም ክፍት ነው። የእነሱን ሥራ እንዳለ ውሰጂው፤ የድሮውን ዴስክቶፕ ዲፎልት አድርጊና በራሳችን ስም አውጪው።”

እንዳለው አደረገች። የባርናባስ ሲስተም ሲወጣ ብዙ ሰው ወደደው። የወንድምና እኅቱን የሚጠቀሙት ጥቂት ናቸው። ከተጠቃሚዎቹ አንዷ፣ የሺሐረግ የምትባል ዓይነ ስውር፣ ከፎርት ዎርዝ ደውላ ማንም ሳይረዳት ራሷ እንደጫነችው ነገረቻቸው። ታፈሰ ያን ቀን እየሣቀ ዋለ። ንዴቱ ግን አልለቀቀውም።

በቅርቡ ባርናባስ ለወሰንየለሽ ቴክስት አደረገላት። ሰው ሁሉ ትርጉሙን አመስግኗል፤ ጋሽ ታፈሰ የሚቀጥለውንም ይሠሩልን ይሆን? የሚል ነበር።

አነበበችለት።

“አልሠራም በይው” አለ ታፈሰ።

እሷ እሱ ያላለውን ብዙ ጨምራ ላከችው።