በበረዶ የመጣው ጠርሙስ

ሙዳሲር በመንጌ ጤና ጣቢያ ለሃያ ሁለት ዓመታት ክትባት ተሸክሟል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ብልቃጥ ሞቆበት አያውቅም፤ ሰዎችም «የበረዶው ሰው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ልጁ ነዕማ በወለደች በአራተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፤ የተሰጣት መድኃኒትም አላበረደላትም። ወንዙ ሞልቶ አምቡላንስ ማለፍ ስላልቻለ፣ ሐኪሙ ከክንዷ ደም ቀድቶ ባክቴሪያ የሚያሳድግ ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ጨመረና በሙዳሲር እጅ ወደ አሶሳ ሆስፒታል ላከ። በአሶሳ ያለው አዲስ መሣሪያ፣ ባክቴሪያው በጠርሙሱ ውስጥ ካደገ፣ ቀድሞ ለመለየት ሁለት ቀን ይፈጅ የነበረውን ስሙን በአንድ ሰዓት ያሳውቃል። ስሙ ከታወቀ የሚገድለው መድኃኒት ይመረጣል።

ሙዳሲር ጠርሙሱን በለመደው ሳጥን፣ በበረዶ መካከል አኖረ። ሳጥኑን በአናቱ ተሸክሞ ወንዙን በእግሩ ተሻገረ፤ ከዚያም በሞተር ብስክሌት ተጭኖ እኩለ ቀን ላይ አሶሳ ደረሰ።

የሚያውቀው የሆስፒታሉ ዘበኛ፣ «ዛሬም በረዶ ሊሸጡ መጡ?» አለው።

«ዛሬ ልጄን ነው ያመጣሁት» አለ ሙዳሲር።

ተሻለች የተባለችው የላቦራቶሪ ባለሙያ ጠርሙሱን ከበረዶው መካከል አወጣች። ከዚያም የዚህ ደም ነገር እንደ ክትባት እንዳልሆነ፣ ባክቴሪያው በሰውነት ሙቀት እንጂ በቅዝቃዜ እንደማያድግ በዝግታ አስረዳችው። እርሱ እጆቹን ተመለከተ። ጠርሙሱ ማሞቂያ ውስጥ ገባ፤ እርሱም አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሐኪሙ ደወለለት። ነዕማ አርፋለች። በዚያው ማዋለጃ አልጋ የወለደችው ሳሊማም ትኩሳት ጀምሯታል። ሙዳሲር ቀብሩ እርሱን እንዳይጠብቅ ነገረውና ተመልሶ ተቀመጠ።

ማሞቂያው ማሽን የባክቴሪያውን ማደግ ያስታወቀው ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ነበር። አንድ ሰዓት ቆይቶ ተሻለች ስሙን በወረቀት ጽፋ ወጣች።

«ሳይቀዘቅዝ ቢመጣ ልጄ ትተርፍ ነበር?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። ስሙን ግን ንጋት ላይ እናውቀው ነበር።»

ብትዋሽለት ይቀልላት ነበር።

ስሙን ለሐኪሙ በስልክ ፊደል በፊደል አነበበለት። ሐኪሙ ለባክቴሪያው የሚሆነው መድኃኒት በመጋዘን እንዳለ፣ ለሳሊማም አሁኑኑ እንደሚጀምርላት፣ ነገር ግን የእርሷም ደም መመርመር እንዳለበት ነገረው። ሙዳሲር ለሳሊማ ደም የሚሆኑ፣ ገና ደም ያልገባባቸው ሁለት ጠርሙሶች ከተሻለች ለመነ። ሳጥኑን አግዳሚው ሥር ትቶ፣ ጠርሙሶቹን ከሸሚዙ በታች ከሆዱ ጋር አጣብቆ ያዘ።

ደም ያልገባበት ጠርሙስ ሙቀት እንደማያስፈልገው ተሻለች ልትነግረው አሰበች፤ ተወችው።